የሰው መኪና ተከራይቶ መሥራት፦ በካምፓላ የነዳናቸው መኪኖች ምን አስተማሩን?

ካምፓላ ከገባሁ አራት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት አራት የኪራይ መኪና ነድቻለሁ። አንዷም የእኔ አልነበረችም፤ አንዷንም አልጠላኋትም። ከአንደኛዋ ጋር ግን በገንዘብም በልቤም ተጎድቼ ነው የተለያየነው። ካባላጋላ ቡና የምንጠጣበት ቤት ማታ ማታ ስንሰበሰብ ወሬያችን ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው፤ «ያቺ መኪና እንዴት ናት? ነዳጅ ትበላለች? ባለቤቱስ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ሰሞኑን ከሰፈሩ አዲስ የመጡ ሦስት ልጆች ይህንኑ ጥያቄ ለየብቻ ጠየቁኝ። ለእያንዳንዳቸው ከመድገም ልጻፈው ብዬ ነው።

እንደሚታወቀው በኡጋንዳ የ2006 የስደተኞች ሕግ ስደተኛ የመሥራት መብት አለው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሹፍርና ውስጥ ገብተናል፤ አንዳንዱ በስልክ መተግበሪያ ይሠራል፤ አንዳንዱ እዚህ «ስፔሻል ሃየር» የሚባለውን የኮንትራት ታክሲ ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቃል። መኪና መግዛት የቻለ ጥቂት ነው። የቀረነው የሰው መኪና ተከራይተን በየሳምንቱ ሂሳብ እናስገባለን። ሥራ ኖረም አልኖረም፣ ዝናብ ዘነበም ልጅ ታመመም፣ ሰኞ ሲመጣ ሂሳቡ ይመጣል።

መጀመሪያ እጃችን የለመደውን መርሳት

ከአገር ቤት የመጣ ሾፌር መጀመሪያ የሚገጥመው የመንገዱ አቅጣጫ ነው። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ በግራ። መሪውም በቀኝ በኩል ነው። ሰው «ሁለት ቀን ነው፣ ትለምደዋለህ» ይላል። እውነት ነው፣ መሪው በሁለት ቀን ይለመዳል። የማይለመደው ፍሬቻው ነው። ከጃፓን በመጡት መኪኖች ላይ ፍሬቻ በቀኝ እጅ ነው፤ የዝናብ መጥረጊያው በግራ። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ልታጠፍ ስል በጠራራ ፀሐይ መስታወት ስጠርግ ነው የከረምኩት። አንዲት ተሳፋሪ «ዝናብ አየህ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሳቁን ትተን ቁም ነገሩን እንያዝ፤ አደባባይ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሞተረኞች ደግሞ ከቀኝም ከግራም ይመጣሉ። መኪና ተረክባችሁ በዚያው ሰዓት ሥራ አትጀምሩ። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ጋባ መንገድን ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት።

ሌላው የሚያስገርመው ነገር የመኪኖቹ ቋንቋ ነው። አብዛኞቹ ጃፓን ውስጥ ያገለገሉ ስለሆኑ፣ ቁልፉን ስታዞሩ አንዲት ሴትዮ በጃፓንኛ ትናገራለች። እኔ ለወራት «እንደምን አደርክ» የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ የመንገድ ክፍያ ካርድ አልገባም እያለች ነው። ሬዲዮውም የጃፓን ነው፤ ከ76 እስከ 90 ባለው ሞገድ ብቻ ስለሚሠራ እዚህ ካሉት ጣቢያዎች አብዛኞቹን አይዝም። ይሄ ብልሽት አይደለምና ማንም «ልጠግንልህ» ብሎ ብዙ ገንዘብ እንዳይቀበላችሁ፤ ሞገዱን የምታሻግር ትንሽ ዕቃ አለች፣ እሷን ማስገባት ነው።

ቪትዝ፦ ትንሿ ጓደኛ

የመጀመሪያዬ ቪትዝ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ ዋጋዋ በሚሊዮን ብር የሚጠራ መኪና፣ እዚህ የጀማሪ ሾፌር መኪና መሆኗ ራሱ ይገርማል። አንድ ሊትር ሞተር ናት። ለከተማ መጨናነቅ እንደ እሷ የለም፤ በጠባብ ትገባለች፣ በጠባብ ትዞራለች፣ ቤንዚን በጭልፋ ነው የምትቀምሰው። መለዋወጫዋ በየቦታው ይገኛል።

ችግሯ ሁለት ነው። ካምፓላ የኮረብታ ከተማ ናት። አራት ሰው ጭናችሁ ሙዬንጋን ስትወጡ ኤሲውን ማጥፋት ግድ ይላችኋል፤ ያኔ ተሳፋሪው ፊቱን ያጠቁራል። ሁለተኛው ዕቃ መጫኛዋ ነው። ወደ ኢንቴቤ አየር ማረፊያ የሚሄድ ሰው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ተሳፋሪው ጉልበት ላይ ይሆናል። ጥሩ የሚከፍለው መንገድ እሱ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ለሌላ ሾፌር አሳልፌ ሰጥቻለሁ። እንደዚያም ሆኖ ለጀማሪ የምመክረው እሷን ነው። ስትሳሳቱም ብዙ አታስከፍልም።

ስፓሲዮ፦ የድሮ ሰው

ሁለተኛዋ ስፓሲዮ ናት። ካምፓላን ያየ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከኋላ የሚታጠፉ ሁለት ወንበሮች ስላሏት ቤተሰብም ትጭናለች፣ ወንበሩ ሲታጠፍ የገበያ ዕቃም ትጭናለች። መካኒኩ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። ኪሴካ ገበያ ብትሄዱ የማይገኝ ዕቃ የላትም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የስፓሲዮ ምርት የቆመው በ2007 ነው። ኡጋንዳ ደግሞ በ2018 ባወጣችው ሕግ ከተመረተ ከ15 ዓመት በላይ የሆነው መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ስለዚህ አሁን የምትከራዩት ስፓሲዮ በሙሉ ያረጀ ነው፤ ከብዙ እጅ ወደ ብዙ እጅ የዞረ ነው። ከውጭ ቀለሙ ቢያብረቀርቅም ከሥር ያለው ላስቲክና ቡሽ አልቋል። እኔ የያዝኳት በየጉድጓዱ «ቋ» ትል ነበር። ባለቤቷ ደግ ሰው ስለነበሩ ግማሹን ከፍለው አስጠገኑልኝ። የስፓሲዮን ደህንነት የሚወስነው ሞዴሏ ሳይሆን የባለቤቷ ባህርይ ነው ያልኩት ያኔ ነው።

ፕሪሚዮ፣ ኖህና ሱባሩ፦ ከጓደኞቼ የሰማሁት

ፕሪሚዮ የያዘ ጓደኛዬ ከአስመራ የመጣ ልጅ ነው። «ኮቴን ለብሼ እንደመውጣት ነው» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ተሳፋሪ በክብር ይገባባታል፣ ፖርቶመጋላዋ ሻንጣ ይበላል፣ የኢንቴቤ መንገድ ላይ ምቾቷ ሌላ ነው። ችግሯ ዝቅ ያለች መሆኗ ነው፤ በዝናብ ወቅት ውኃ የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ከገባች የፊት መከላከያዋ አይተርፍም። ከ2007 ወዲህ ያሉት ፕሪሚዮዎች ደግሞ ካምቢያቸው ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው። አንድ ጋራዥ በርካሽ የተለመደውን የአውቶማቲክ ዘይት ቢሞላባችሁ ካምቢዮው ይበላሻል፤ ያኔ ተጠያቂው ማን ነው? መኪናው እጁ ላይ ያለው ሾፌር።

ኖህን የሚነዱት ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ሲነዱ ኖረዋል። ስምንት ሰው ስለምትጭን የሰርግና የለቅሶ ሥራ አያጡም። ግን በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተመረቱት ኖሆች ላይ ዲ ፎር የሚባል ሞተር አለ፤ ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ነው የሚረጨው። ንጹሕ ቤንዚን ይፈልጋል። ቆሻሻ ወይም የተቀላቀለ ነዳጅ ከቀመሰ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ብዙ መካኒክም አይደፍረውም። ጋሼ «ላዳ ማንኛውንም ነገር ጠጥታ ትሄዳለች፣ ይቺ ግን እንደ ሕፃን ልጅ ወተቷ ይመረጣል» ይላሉ። ኖህ ልትከራዩ ከሆነ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሱባሩ ፎረስተር የያዘው የጎንደር ልጅ ደግሞ ዳገትና ጭቃ አይፈራም። ወደ ክፍለ ሀገር ሲወጣ ሁላችንም እንቀናበታለን። ማደያ ሲገባ ግን ማንም አይቀናበትም።

ርካሹ ኪራይ ርካሽ ላይሆን ይችላል

ብዙ አዲስ ሾፌር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሳምንቱን ኪራይ ብቻ ያያል። አንድ ደላላ «ይቺ ትልቅ መኪና ናት፣ ግን በትንሿ ዋጋ ትወስዳታለህ» ሲለው ይደሰታል። እስቲ አብረን እናስላው።

በቀን 150 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ እንበል። አንደኛዋ መኪና በመጨናነቅ ውስጥ በአንድ ሊትር 13 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ሁለተኛዋ 8። የመጀመሪያዋ በቀን 11 ሊትር ተኩል ገደማ፣ ሁለተኛዋ 19 ሊትር ገደማ ትፈልጋለች። ልዩነቱ ከ7 ሊትር በላይ ነው። ሊትሩን 5,000 ሽልንግ ብለን ብናስብ በቀን 36,000 ሽልንግ ገደማ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራችሁ ከ210,000 ሽልንግ በላይ ይሆናል። እኔ ለባለቤቱ የማስገባው የሳምንት ሂሳብ 200,000 ነበር። ይህ ማለት ነዳጅ የምትበላዋን መኪና የያዘ ሰው ሁለት ኪራይ ይከፍላል፤ አንዱን ለባለቤቱ፣ ሌላውን ለማደያው።

ስለዚህ መኪና ከመያዛችሁ በፊት ባለቤቱ የሚላችሁን አትስሙ። የሚቻል ከሆነ የአንድ ቀን ሙከራ ጠይቁ። ጠዋት ታንኩን ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ ማታ እዚያው ማደያ መልሳችሁ ሙሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። በቃ፣ መልሱ እሱ ነው። የኢንቴቤ ፈጣን መንገድ የምትጠቀሙም ከሆነ ከ2022 ጀምሮ እንደሚያስከፍል አትርሱ፤ ዋጋውን ከተሳፋሪው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስሟን የማልጠራት መኪና

አሁን ወደ ሦስተኛዋ ልምጣ። ሰባት ሰው የምትጭን፣ ቆንጆ መኪና ነበረች። ሞዴሏን አልጠራም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው አልነበረም።

መያዣ 800,000 ሽልንግ አስያዝኩ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ለልጄ ለቀጣዩ ተርም ያጠራቀምኩት ነው። «ከሥራው ቶሎ እመልሰዋለሁ» ብዬ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ውል ሰጡኝ፤ ላይ ላዩን አየሁትና ፈረምኩ። ያኔ ስሜቴ «ሥራ አገኘሁ» ነው እንጂ ማንበብ አልነበረም።

በመጀመሪያው ሳምንት ራዲያተሯ ውኃ እየጎደለ እንደሆነ አየሁ። ለባለቤቱ ደወልኩ። «አትጨነቅ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃ እየጨመርክ ንዳ» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩ፤ ያው መልስ። በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዤ መውጣት ለመድኩ። በሦስተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ከኢንቴቤ ስመለስ መጨናነቅ ውስጥ ቆምኩ። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ወጣ፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ተሳፋሪዋን በቦዳ ቦዳ ሸኝቼ መኪናዋን አስጎተትኩ። መካኒኩ አየና «የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» አለኝ።

ባለቤቱ መጣ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ውሉን አወጣና አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ፦ መኪናዋ በሾፌሩ እጅ እያለች የሚደርስ ማንኛውም ብልሽት የሾፌሩ ኃላፊነት ነው ይላል። መያዣዬን ያዘው። ሰፈር ወዳለው የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ እዚህ ኤል ሲ ዋን ወደሚባሉት ሄድን። ሰውዬው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ውኃ እየጎደለ መሆኑን ለባለቤቱ የነገርክበት ጽሑፍ አለህ?» የለኝም። ሁሉንም በስልክ ነው ያወራነው። እሱ የተፈረመ ወረቀት ነበረው፤ እኔ ያለኝ ቃሌ ብቻ ነው።

ልጄ በዚያ ተርም ሁለት ሳምንት ቤት ዋለች። «አባ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ እንዴ?» ስትለኝ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ዕቁብ የምንጥል ጓደኞቼ ተራዬን ሳልጠብቅ ብሩን ስላወጡልኝ ተመለሰች። እነሱ ባይኖሩ ተርሙን ሙሉ ቤት ትቀር ነበር።

ከመፈረማችሁ በፊት

ከዚያ በኋላ የተማርኩትን እነግራችኋለሁ። ውድ ነገር የለበትም፤ ሁሉም ስልክና አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንደኛ፣ ውሉን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። «ብልሽት» የሚለው ቃል ለሁለት ይከፈል። ሾፌሩ የሚያደርሰው ጉዳት (ግጭት፣ የተፈነዳ ጎማ) አንድ ነው፤ ከእርጅና የሚመጣው (ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ራዲያተር) ሌላ ነው። ሁለተኛው የባለቤቱ መሆኑ ይጻፍ። ዘይት የሚቀይረው ማን እንደሆነ፣ በየስንት ኪሎ ሜትሩ እንደሆነም ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ መኪናዋ ጋራዥ የምትቆምበት ቀን ሂሳብ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህን ካልተነጋገራችሁ ሥራ ሳትሠሩ ትከፍላላችሁ።

ሦስተኛ፣ መያዣው ስንት እንደሆነ፣ መኪናውን ስትመልሱ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ በምን ምክንያት ብቻ ሊቀነስ እንደሚችል ይጻፍ። የሚቻል ከሆነ ስትፈራረሙ የኤል ሲ ዋን ሊቀ መንበሩ ምስክር ይሁኑ፣ ማኅተምም ያድርጉበት። እዚህ አገር ያ ማኅተም ክብደት አለው።

አራተኛ፣ ስትረከቡ ቪዲዮ ቅረጹ፤ አራቱም ጎን፣ ጎማዎቹ፣ ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው፣ ሞተሩ በርቶ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት። ቪዲዮውን በዚያው ደቂቃ ለባለቤቱ ላኩለት።

አምስተኛ፣ ብልሽት ስታዩ ደውሉ፤ ከዚያ ግን ያወራችሁትን በጽሑፍ ላኩ። «ዛሬ በስልክ እንደነገርኩህ ራዲያተሩ ውኃ ይጎድለዋል፣ አንተም እየጨመርክ ንዳ ብለኸኛል» ማለት ይበቃል። እኔን 800,000 ሽልንግ ያስከፈለኝ ይህን አለመጻፌ ነው።

ስድስተኛ፣ ኢንሹራንሱን እዩ። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው የግዴታ ኢንሹራንስ በሦስተኛ ወገን ሰው ላይ ለሚደርስ አካላዊ ጉዳት ነው እንጂ የምትነዷትን መኪና አይጠግንም። ባለቤቱ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ካለ ወረቀቱን ይሳያችሁ፤ እናንተ እንደ ሾፌር የተፈቀደላችሁ መሆኑንም ጠይቁ። በታርጋው ላይ ያልተከፈለ የቆየ የትራፊክ ቅጣት ካለ ከመረከባችሁ በፊት ይጣራ፤ አለበለዚያ የሌላ ሰው ጥፋት ከእናንተ መያዣ ይቆረጣል።

ነገሩ ከተበላሸ በኋላም በር አለ። ካምፓላ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሥር የሚሠራ የስደተኞች የሕግ ፕሮጀክት የሚባል ድርጅት አለ፤ ለስደተኞች የሕግ ምክር ይሰጣል። እኔ መሄዴን የሰማሁት ከነገሩ በኋላ ነው ብዬ ሰበብ አላበዛም፤ ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። እናንተ ግን አሁን ታውቃላችሁ። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን የያዝኳት

አሁን የምነዳት መኪና ቪትዝ ናት፤ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ቀለሟ ደብዝዟል፣ አንዱ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፤ ይህም በውሉ ላይ ተጽፏል። ዳገት ላይ ኤሲ አጠፋለሁ፤ ለተሳፋሪው «ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ» እላለሁ። ባለቤቷ በየወሩ መጨረሻ መጥታ ዘይቱን ራሷ ታያለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከሦስቱ ልጆች አንዱ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሰባት ሰው የምትጭን መኪና አገኘሁ፣ ዛሬውኑ ፈርም እያሉኝ ነው» አለኝ። ውሉን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ላከው። ያቺው መስመር አለች፤ ቃሏ እንኳን አልተለወጠም። እንዳትፈርም አልኩት፤ «እርጅና የባለቤቱ ነው» የሚል መስመር እንዲጨምሩ ጠይቃቸው አልኩት። ጠየቃቸው። በመጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ማክሰኞ ዕለት ግን ጨምረው ጠሩት።